የሕንድን ነብር ልናይ ስንነሣ

ሰው አገሩን ትቶ የሌላውን አገር ለማየት ሲነሣ አስቀድሞ ጊዜውን፤ ቀጥሎ ገንዘቡን፤ ከዚያም መንገዱን ያስባል። እኛም ከአምና ጀምሮ እነዚህን ሦስት ነገሮች ስናወጣና ስናወርድ ቆይተናል። ያሰብነው ጉዞ ቀላል አልነበረም፤ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን፤ ባሕር ተሻግረን፤ በሕንድ አገር በመንግሥት በሚጠበቅ ዱር ውስጥ ትልቁን ባለ መስመር ነብር በሕይወቱ ሳለ በዓይናችን ለማየት ነው። ነገሩን በዚህ ገጽ የምናቀርበው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፤ እንደ እኛ ቤተ ሰባቸውን ይዘው እንዲህ ያለውን ጉዞ ለማድረግ የሚያስቡ አንባቢዎች ከዝግጅታችን ጥቂት እንዲጠቀሙ ነው። ሁለተኛው፤ ዝግጅታችን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በቡሬ ቈላ የሰማነው አንድ ጥያቄ አሳባችንን ስለ ለወጠው ነው።

ምኞቱን ያመጡት ልጆቻችን ናቸው። አንድ ማታ ከራት በኋላ የሥዕል መጽሐፍ ሲገልጡ፤ መልኩ እንደ ወርቅ የቀላ፤ ከትከሻው እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር የወረደበት ታላቅ አውሬ አዩ። «አያታችን የገደሉት ነብር ይህ ነውን?» ብለው ጠየቁን። አያታቸው በወጣትነታቸው የገደሉት ነብር ቆዳ እስከ ዛሬ በሣጥን ተቀምጦ ይገኛልና፤ አውጥተን ከሥዕሉ አጠገብ ዘረጋነው። የእኛው ቆዳ ነጠብጣብ ነው፤ የሥዕሉ ግን መስመር ነው። ልጆቹም «እንግዲያው ይህኛው ወዴት ይኖራል? ሄደን ልናየው አንችልምን?» አሉ። የጉዞው አሳብ በዚያች ማታ ተጀመረ።

በቋንቋችን ሁለቱም አውሬዎች ነብር እየተባሉ መጠራታቸው ብዙ ሰው አሳስቶአል። ባለ መስመሩ ነብር በአፍሪካ ዱር የለም፤ አገሩ እስያ ነው። የወንዱ ክብደት ከሁለት መቶ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ የእኛው ባለ ነጠብጣብ ግን ወንዱ እንኳ ብዙ ጊዜ ከሰባ ኪሎ አይበልጥም። ባለ መስመሩ ውሃ ይወዳል፤ ሐሩር በበረታበት ቀን በኵሬ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። የእኛው ደግሞ ዛፍ መውጣት ያውቃል፤ የገደለውን ጅብ እንዳይቀማው በጥርሱ ነክሶ ከቅርንጫፍ ላይ ይሰቅለዋል። ባለ ነጠብጣቡ በሕንድም አለ፤ ባለ መስመሩ ግን ወደ እኛ አልተሻገረም። ነቢዩ ኤርምያስ የኢትዮጵያዊን መልክ ባነሣበት ቃል አብሮ ያነሣው የነብር ዝንጕርጕርነት የዚህ የባለ ነጠብጣቡ ጌጥ መሆኑን ለልጆቻችን ነገርናቸው።

ከዚህ በኋላ ስለ ሕንድ ዱር የተጻፈውን ሁሉ መመርመር ጀመርን። ስለ ሕንድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የሕንድ መሳፍንት እንደ እኛ አገር መኳንንት አውሬ መግደልን ከጀግንነት ይቈጥሩት ነበር። የሬዋ መሳፍንት አንድ መቶ ዘጠኝ ነብር መግደልን የመልካም ዕድል ምልክት ያደርጉት እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ራንታምቦር ተብሎ የታወቀው ጥብቅ ስፍራ ቀድሞ የጃይፑር ነገሥታት የሚያድኑበት ዱር ነበር። አንዱ ተኵሶ ሲጥል፤ ሌላው ጫካውን መንጥሮ ሲያርስ፤ በ1972 በተደረገው ቈጠራ በመላው ሕንድ የቀረው ነብር 1,827 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ1973 ደግሞ ዘጠኝ ጥብቅ ስፍራዎች ለነብር ተለዩ። ከዚያ አስቀድሞ ሰው በላ ነብሮችን በመግደል ስሙ የገነነው ጂም ኮርቤት ራሱ በኋላ ዘመኑ ጠመንጃውን በካሜራ ለውጦ ስለ ነብር ጥበቃ ተከራካሪ ሆነ፤ በ1936 የተመሠረተው ጥብቅ ዱርም እርሱ ከሞተ በኋላ በስሙ ተጠራ።

ነገር ግን ሕግ ማውጣት ብቻውን አልበቃም። ሳሪስካ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ የነበሩት ነብሮች ተሰውረው በሚያድኑ ሰዎች እጅ ማለቃቸው በ2005 ታወቀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከራንታምቦር ነብር እያመጡ እንደ ገና መጀመር ግድ ሆነ። የነብር መስመር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ልዩ ስለሆነ፤ በየዛፉ ሥር ካሜራ አኑረው ይቈጥሩታል። በዚህ ዐይነት በ2006 የተገኘው ቁጥር 1,411 ነበር፤ በ2022 ግን ወደ 3,682 ከፍ ብሎአል። ጥብቅ ስፍራዎቹም ዛሬ ከሃምሳ በላይ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የአቦ ሸማኔ ታሪክ ነው። ሕንዶች አቦ ሸማኔ ከአገራቸው ፈጽሞ መጥፋቱን በ1952 አስታወቁ። ሰባ ዓመት ቆይተው በ2022 ስምንት አቦ ሸማኔ ከናሚቢያ በአይሮፕላን አስመጡ፤ በተከታዩ ዓመትም አሥራ ሁለት ከደቡብ አፍሪካ ጨመሩ። በእጁ ሳለ ያልጠበቀውን ከሩቅ አገር በብዙ ድካም መለመን እንዲህ ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ ለሌላው ያዘንን መስሎን ነበር፤ ለራሳችንም ማዘን እንደሚገባን ገና አላሰብንም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። የመረመርነውን ለአንባቢ እንዲመች በተራ እንጽፋለን።

አንደኛ፤ ወራቱን መምረጥ ነው። የሕንድ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ሃያ ገደማ የአብዛኛው ጥብቅ ስፍራ እምብርት ለጐብኚ ዝግ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጧቱ እንደ ደጋ አገር ይበርዳል፤ ሣሩም ገና ረዥም ስለሆነ አውሬው በቀላሉ ይሰወራል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሐሩሩ ከአርባ ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ኵሬው ሁሉ ደርቆ ጥቂት ውሃ ብቻ ስለሚቀር፤ ነብሩ ወደዚያ ሲመጣ መታየቱ ይቀልላል። እኛ የልጆቹን አቅምና የማየቱን ዕድል አመዛዝነን የመጋቢትን መጀመሪያ መረጥን።

ሁለተኛ፤ ስፍራውን መለየት ነው። ራንታምቦር በራጃስታን ክፍል ይገኛል፤ ከዴልሂ እስከ ሳዋይ ማዶፑር በምድር ባቡር ይኬዳል፤ በዱሩም መካከል ጥንታዊ የተራራ ምሽግ አለበት። ካናና ባንዳቭጋር በመካከለኛው ሕንድ በማድያ ፕራዴሽ ናቸው፤ የካና ሜዳና ደን ሰፊ ነው፤ ባንዳቭጋር ደግሞ በስፋቱ መጠን ነብር የሚበዛበት ተብሎ የታወቀ ነው። ልጆች ለያዘ ሰው መንገዱ አጭር የሆነው ይሻላል ብለን ራንታምቦርን ያዝን። ከአዲስ አበባ እስከ ዴልሂ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል።

ሦስተኛ፤ ፈቃድ ነው። ወደ አገሩ ለመግባት ቪዛ እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው፤ ወደ ዱሩ ለመግባት ግን ሌላ ፈቃድ አለ። ወደ ዱሩ የሚገባው የመኪና ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ፤ ፈቃዱ ከብዙ ሳምንት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል። የጐብኚው ስምና የፓስፖርቱ ቁጥር ይመዘገባል፤ በበሩም ላይ ያው ፓስፖርት ራሱ ይታያል። ጉብኝቱ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ማለዳና ከቀትር በኋላ ነው። በራንታምቦር ትንሿ መኪና ስድስት፤ ትልቋ ሃያ ሰው ትይዛለች፤ እያንዳንዷም በተመደበላት የዱር ክፍል ብቻ ትዞራለች። በአንድ ዙር ብቻ ነብር አያለሁ ብሎ መሄድ ከንቱ ነው፤ ቢያንስ አራት ዙር መያዝ ይገባል።

አራተኛ፤ ጤና ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት መከተቡን የሚገልጽ ወረቀት መያዝ አለበት። ክትባቱም ከመግባቱ ቢያንስ ከዐሥር ቀን በፊት የተወሰደ ሊሆን ይገባል፤ አለዚያ እስከ ስድስት ቀን ድረስ ተለይቶ መቆየት ይመጣል። ስለ ተራው ወባ ደግሞ ሐኪም መጠየቅ ነው።

አምስተኛ፤ ልብስና ጠባይ ነው። ነጭና ቀይ ልብስ ይቅር፤ አፈርና ቅጠል የሚመስል ይለበስ። ሽቱ አይቀቡም፤ ከመኪና አይወርዱም፤ ድምፅ አያሰሙም። የሩቅ ማያ መነጽር መያዝ ግን ደስታውን እጥፍ ያደርገዋል።

ስድስተኛ፤ ለእኛ ሰው ጾም ነው። የመረጥነው ወር በዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። ሕንድ ሥጋ የማይበላ ሕዝብ የሞላበት አገር ስለሆነ ጿሚ አይቸገርም፤ ምስርና ሽንብራ፣ ድንችና ጎመን በልዩ ልዩ ቅመም ይሠራል። ነገር ግን በብዙው ወጥ ቅቤና እርጎ ይገባበታልና፤ ሳይጠይቁ መብላት አይገባም።

ከሁሉ በላይ ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር የሚገባው ነገር፤ ነብሩን ማየት እንደሚመኙት እንጂ እንደ ተገዛ ዕቃ የሚረከቡት አለመሆኑን ነው። ይህን ያህል አገር አቋርጦ፤ የእግሩን ፈለግ ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው አለ።

ይህ ሁሉ ተሰናድቶ፤ ገንዘቡም ከደመወዝና ከማሳ እህል እየተቈጠበ ተጠራቅሞ፤ ጥር ወር ደረሰ። በአገራችን ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ዘመዶቹን ሳይሰናበትና ሳይመረቅ አይወጣም። ከአባታችን ቤት በሕይወት የቀሩት ታላቅ አክስታችን እማሆይ ናቸው፤ ከቡሬ በስተ ደቡብ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቈላ ይኖራሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፤ አስቀድመን ጠይቀን፤ ሰላም መሆኑ በተነገረን ሰሞን ልጆቻችንን ይዘን ወጣን።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 387 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ የአሁኑን ስም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንዳወጡላት ይነገራል። ትርጕሙ የሰላም መንገድ ስለሆነ፤ በእነዚህ ዓመታት ስሟን በጠራን ቍጥር እንደ ጸሎት ሆኖ ይሰማናል። ከዚያ ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ ትገኛለች፤ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቃል። ወሩ ጥር ስለ ነበረ በቆሎው ተሸልቅቆ፤ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ ምድሩን አቅልቶት ነበር። ልጆቻችን በየሜዳው አውሬ ሲፈልጉ፤ ያገኙት ከታጨደ ማሳ ቃርሚያ የሚለቅም የዝንጀሮ መንጋ ብቻ ነው። ትልቅ ዛፍ ባዩበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ደግሞ የሚታየው ባሕር ዛፍና እርሻ ነው። አንደኛው ልጃችን «ዛፍ የሚኖረው በቅጽሩ ውስጥ ብቻ ነውን?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፤ ነገሩ እውነት ስለ ነበረ ፈጥነን መልስ አላገኘንም።

ቡሬ ሁለት መንገድ የሚለያይባት የገበያ ከተማ ናት። አንደኛው በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ዓባይ ወርዶ በድልድይ ተሻግሮ ነቀምት ይደርሳል። ጣሊያን በዚህች ከተማ ምሽግ ሠርቶ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ ከአርበኞችና ከእንግሊዝ ጦር የተነሣ ለቅቆ ወጣ። እኛ የነቀምቱን መንገድ ይዘን ጥቂት ከወረድን በኋላ፤ አውቶሞቢሉን ከአንድ ዘመድ ደጅ አቁመን በእግር ሄድን። ምድሩ ከዚህ ጀምሮ ይሰበራል፤ ወንዞቹ ገደል ፈልፍለው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በየገደሉም ግራርና ዋንዛ፣ ሾላና ቁጥቋጦ ገና አልጠፋም።

እማሆይ እንደ ልማዳቸው በደስታ ተቀበሉን፤ የልጆቹን ራስ እየዳሰሱ መረቁ። የምንሄድበትን አገርና የምንሄድበትን ምክንያት በነገርናቸው ጊዜ ግን ዝም አሉ። በኋላም እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፤ መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅናው። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። የሕንድን ነብር ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ፤ የእኛው ነብር ለበላብኝ ፍየል ማን ይከፍለኛል?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ከገደሉ የሚወጣ ነብር ከእርሳቸው መንጋ ሦስት፤ ከጎረቤቶቻቸው አምስት ፍየል ወስዶአል። ፍየል ለእንዲህ ያለ ቤት የልጅ ደብተር ናት፤ የበሽተኛ መድኃኒት ናት፤ የዓመት በዓል ናት። የመንደሩም ጐልማሶች በማግሥቱ በዋርካው ሥር ተሰብስበው፤ በሞተ ፍየል ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሰው ነብሩን ሊገድሉት ተማክረው ነበር። በሣጥን የተቀመጠውን የአያታቸውን ቆዳ የሚያውቁት ልጆቻችን ፊታችንን ተመለከቱ። እኛም ለእማሆይ የምንሰጠው መልስ አልነበረንም።

በዚያች ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከእማሆይ የልጅ ልጅ ጋር ከደጅ ተቀምጠን ነበር። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፍየሎቹን የሚጠብቅ እርሱ ነው። ድንገት እጁን አንሥቶ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠን። ከገደሉ ማዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ላይ ጦጣዎች በአንድነት ይጮኹ ነበር። «መጣ» አለን ቀስ ብሎ። እንዴት እንዳወቀ ስንጠይቀው፤ «ጦጣ ሰው ሲያይ የሚጮኸው ሌላ ነው፤ ንስር ሲያይ የሚጮኸው ሌላ ነው፤ ይህ የነብር ነው» ብሎ መለሰ። ይህን ነገር በኬንያ ዱር የመረመሩ ሊቃውንት ጦጣ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ ድምፅ እንዳላት ጽፈውት አንብበናል። በራንታምቦርም መንገድ መሪው የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው፤ የጦጣና የአጋዘን ጩኸት ነብሩ በየት እንደሚሄድ ይነግረዋል። እኛ ባሕር ተሻግረን ልንከፍልበት የተዘጋጀነውን ዕውቀት፤ ይህ ልጅ ከፍየል ኋላ ሲሄድ ተምሮት አገኘነው።

ሲነጋ ወደ ወንዙ ይዞን ወረደ። በጭቃው ላይ ክብ የሆነ ፈለግ ነበር፤ አራት ጣት አለው፤ ጥፍር ግን አይታይበትም። ከአጠገቡ ያለው ሌላ ፈለግ ጥፍሩ ተተክሎበታል። «ይህ የጅብ ነው፤ ነብር ሲሄድ ጥፍሩን ይሸሽጋል» አለን። ልጆቻችን በጕልበታቸው ተንበርክከው መዳፋቸውን በፈለጉ ላይ ለኩ። ነብሩን ራሱን አላየነውም፤ ይሁን እንጂ በሥዕል መጽሐፍ ያላየነውን ደስታና ፍርሃት በፊታቸው ላይ አየን።

ረፋዱ ላይ በዋርካው ሥር በተደረገው ጉባኤ እኛም ተቀመጥን። ስለ ሕንድ የምናውቀውን ስንናገር ሰዎቹ በትዕግሥት ሰሙን። በሕንድ ነብር ከብት ሲገድልበት ባለ ከብቱ አመልክቶ ከመንግሥት ካሣ እንደሚቀበል ነገርናቸው፤ ለእማሆይ ግን እንዲህ ያለ ካሣ የከፈላቸው የለም። በአገራችንም በ1936 ዓ.ም. ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ዐዋጅ መውጣቱን አስታወስን። አንድ ሽማግሌ ግን «ዐዋጅ ፍየል አይመልስም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለ መርዙ በተነሣ ጊዜ እኚሁ ሽማግሌ ራሳቸው ለጐልማሶቹ እንዲህ አሏቸው፤ «መርዝ ነብርን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ጥንብ አንሣው ይሞታል፤ ውሻችሁም ይሞታል፤ ነብሩ ካለቀ ደግሞ ዝንጀሮው በቆሏችሁን ሲፈጀው ማንን ትጠሩ ይሆን?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ነገሩ በጉረኖው ላይ ወደቀ። የእማሆይ ፍየሎች የሚያድሩት ዙሪያው ዝቅ ባለ የእሾህ አጥር ውስጥ ነው፤ ጣራ የለውም። ዛፍ ለሚወጣ አውሬ እንዲህ ያለ አጥር በር ማለት ነው። ጉረኖው ከፍ ባለ ግንድ ቢታጠር፤ ወራጅ ተጋድሞበት ቆርቆሮ ቢለብስ፤ መዝጊያውም ቢጠነክር፤ የሌሊቱ ጥቃት እንደሚቀር ሁሉም ተስማሙ። ቆርቆሮውንና ምስማሩን የሚገዛ ግን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ልጆቻችን ወደ እኛ ቀርበው፤ በጆሮአችን «የሕንዱ ገንዘብ አይበቃምን?» አሉን።

እውነቱን ለመናገር ቶሎ እሺ አላልንም። አንድ ዓመት የተቈጠበ ገንዘብ ነው፤ ለዘመድ ሁሉ የተነገረ ጉዞ ነው። ማታውን ከባለቤታችን ጋር ስንመካከር አደርን። ሲነጋ ከገንዘቡ ከፍለን፤ ለእማሆይና በጣም ለተጎዱት ለሁለት ጎረቤቶቻቸው ሦስት ጉረኖ የሚበቃ ቆርቆሮና ምስማር ከቡሬ ገበያ አስገዛን። ግንዱንና ጕልበቱን መንደሩ አወጣ። ጐልማሶቹም የመርዙን ነገር እስከ ፋሲካ ድረስ ለማቆየት ቃል ሰጡ። ከእነርሱ አንዱ ግን «ጉረኖ የሌሊቱን ይከለክላል፤ የቀኑንስ?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህ የተገኘው መልስ ልጁ ብቻውን እንዳይጠብቅ፤ ሁለት ሆነው ተራ እንዲገቡና መንጋውን ከገደሉ አፍ እንዲያርቁ ብቻ ነው። ይህም ሙሉ መልስ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ ከሦስቱ ጉረኖ አንድም ፍየል አልጎደለም፤ የአንድ ጎረቤት ውሻ ግን በሌሊት ጠፍቶአል። ፋሲካም ገና ነው። ነብሩ መትረፉንና አለመትረፉን የሚወስኑት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ሸክሙን የተሸከሙት እነርሱ ስለሆኑ፤ ከከተማ ሆኖ እነርሱን መውቀስ አይገባም።

የሕንዱን ጉዞ አልተውነውም፤ ለከርሞ አስተላለፍነው እንጂ። የጻፍነውም ዝግጅት ለሚሄድ ሁሉ እንደ ተጻፈ ይጠቅማል፤ ያ አገር ሊታይ የሚገባው ነው። በገዳይነት የታወቁ መሳፍንት ልጆች ጠባቂ ሆነው ማየት ለማንኛውም መኰንንና ሹም ትምህርት ይሆናል። ነገር ግን የአውሬ ማደሪያ ቈላ ያለው፤ ቅጽሩ በዛፍ የተከበበ ደብር ያለው፤ በግዛቱ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ያለው አንባቢ ሁሉ፤ ወደ ሩቅ አገር ከመነሣቱ በፊት በደጁ ወርዶ እንዲጠይቅ እንመክራለን። አባቶቻችን ነብር የገደለውን ሰው ለምድ አልብሰው አክብረውታል፤ ዘመናቸው ነበረ። በዘመናችን ክብር የሚገባው ከነብር ጋር በአንድ ገደል አፍ እየኖረ፤ ፍየሉን እየተቀማ፤ መርዙን ያልነሰነሰው ድኃ ነው።

ከእማሆይ ስንሰናበት ሦስቱን የጠፉ ፍየሎች እንደ ገና በስማቸው እየጠሩ ቈጠሩልን። ቀጥለውም «ለከርሞ ስትሄዱ ለሕንዱ ነብር ሰላምታ አድርሱልኝ፤ የእኛው ግን ከነጥፍሩ አለ በሉት» ብለው ሣቁና መረቁን። ልጆቻችንም እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ በየመንገዱ ዳር ያገኙትን ጭቃ ሁሉ እያስቆሙን መረመሩ።